ቀይ መስቀል በኢትዮጵያ፤ ቁስለኛን ያነሡ ሰዎች ታሪክ

የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የክተቱን አዋጅ፣ የሰልፉን አሰላለፍ፣ የምርኮውን ብዛትና ከድል በኋላ የተሰጠውን ሹመት በየተራው እየዘረዘሩ ሲያቆዩልን፣ ጥይት ከሚዘንብበት ሜዳ ገብቶ የቆሰለውን ሰው በትከሻው ተሸክሞ ውሃና ጥላ ካለበት ያደረሰውን ሰው ግን ስሙን ሳይጽፉ አልፈዋል። ይህም ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ቁስለኛን ማንሣት የወንድምና የዘመድ፣ የሚስትና የአሽከር ግዴታ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበረ፣ እናት ልጅዋን ስላጠባች ማንም እንደማይጽፍላት ሁሉ፣ ለዚህም ሥራ ታሪክ የሚያስፈልገው መስሎ አልታያቸውም። እኔ ግን በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር እንዴት እንደ ተቋቋመና በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደ ደረሰበት ለማውሳት የተነሣሁት፣ ይህ ተቋም የቆመው በዓርማውና በማኅተሙ ሳይሆን፣ መሣሪያ ሳይዙ ወደ እሳት በገቡ ሰዎች መሆኑን ስለማምን ነው።

በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ለቁስለኛ ተብሎ የተለየ ክፍል አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ እንደሚወጣ ሁሉ፣ አስታማሚውንም ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። አጥንቱ የተሰበረ እንደ ሆነ ወጌሻ ይፈለግለታል፤ ቁስሉ ያመረቀዘ እንደ ሆነ የአገር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ቅጠል ይበጥስለታል፤ መንገድ የማይችል ሲሆን በቃሬዛ ይያዛል፤ ዘመድ የሌለው ግን እግዚአብሔር በልቡ ርኅራኄ ያሳደረበት መንገደኛ ካላገኘ በቀር ከወደቀበት አይነሣም። በዐድዋ ጦርነት እቴጌ ጣይቱ ሴቶቹን አሰልፈው ውሃ ወደ ጦሩ ሜዳ እንዲያደርሱ ማድረጋቸው በዘመኑ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወሰው፣ ያ ውሃ ተዋጊውን ብቻ ሳይሆን በጥም የሚቃጠለውን ቁስለኛ ጭምር ስላዳነ ነው። ገንና እንስራ ተሸክመው ከምንጩ ወደ ሜዳው የተመላለሱት እነዚያ ሴቶች ከማናቸውም ማኅበር መዝገብ በፊት የነበሩ ነፍስ አዳኞች ናቸው።

ቀይ መስቀል የሚባለው ዓርማ ወደ አገራችን የገባውም በዚሁ በዐድዋ ምክንያት ነው። የሩስያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን የሚያክም የሐኪሞች መልእክት በ1888 ዓ.ም ላከ፤ የኢጣልያ መንግሥት በምጽዋ በኩል እንዳያልፍ ስለ ከለከለው፣ መልእክቱ በጅቡቲ ዞሮ በሐረር በኩል በብዙ ድካም አዲስ አበባ ደረሰ። ሐኪሞቹም ከወራት በፊት የቆሰሉትን፣ ቁስላቸው እየተከፈተ የሚሠቃዩትን ዘማቾች እየተቀበሉ ማከም ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው የሩስያ ሆስፒታል በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና መነሻ ሆነ። ነገር ግን ይህ የእንግዳ ቸርነት እንጂ የአገር ተቋም አልነበረም። የአገሩ ተቋም ለመወለድ አርባ ያህል ዓመት ቀርቶት ነበር።

ስለ ተቋሙ ሥር በትክክል ለመናገር ግን ወደ ኢጣልያ አገር መሻገር ያስፈልጋል፤ ይህም የታሪክ አጋጣሚ በኋላ ከተፈጸመው ጋር ሲተያይ ልብን የሚወጋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1859 ዓ.ም የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር በሶልፈሪኖ ተዋግተው በአንድ ቀን ወደ አርባ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ ቀረ። ከቁስለኞቹም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት በአቅራቢያው ወደምትገኘው ወደ ካስቲሊዮኔ ከተማ እየተጎተቱና በጋሪ እየተጫኑ ሲገቡ፣ የከተማይቱ ሴቶች፣ ሽማግሎችና ሕፃናት ቤተ ክርስቲያኑን ከፍተው፣ አልጋ ቢጠፋ ጭድ ጎዝጉዘው፣ የጠላትና የወዳጅ ልዩነት ሳያደርጉ ሁሉን እንደ ወንድም ቆጥረው ውሃ ያጠጡ፣ ቁስል ያጥቡ፣ ፋሻ ያስሩ ጀመር። ሀንሪ ዱናን የተባለው የጄኔቫ ነጋዴ ለራሱ የንግድ ጉዳይ ንጉሠ ነገሥቱን ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለማነጋገር ሲጓዝ በዚያ ደርሶ፣ ከሴቶቹ ጋር ሆኖ ሲያስታምም ሰነበተ። በ1862 ያሳተመው መጽሐፍ ያየውን ለአውሮፓ ነገረ፤ በ1863 አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በጄኔቫ ተቋቋመ፤ በ1864 ነሐሴ ወር የመንግሥታት ቃል ኪዳን ተፈረመ።

የዚያ ቃል ኪዳን አምስተኛው አንቀጽ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ልብ የሆነ ነው። ለቁስለኛ ርዳታ የሚያደርጉ የአገሩ ነዋሪዎች ይከበሩ፣ ነጻም ሆነው ይኑሩ፤ ቁስለኛ የተጠለለበት ቤትም የተጠበቀ ይሁን ይላል። እንግዲህ ሕጉ ሲጻፍ በጸሐፊዎቹ ፊት የነበረው የጦር ሐኪም ብቻ ሳይሆን፣ የካስቲሊዮኔ ሴት ጭምር ነበረች። ተቋሙ የተወለደው በኢጣልያ ምድር፣ በኢጣልያ ሴቶች እጅ ነው። ከሰባ ስድስት ዓመት በኋላ የኢጣልያ መንግሥት በዚያው ዓርማ ላይ ቦምብ ማዝነቡ በእነዚያ ሴቶች መታሰቢያ ላይ የተደረገ ታላቅ በደል መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልፈቅድም።

በኢትዮጵያና በኢጣልያ ጦር መካከል የወልወል ግጭት ከደረሰ በኋላ ጦርነቱ እንደማይቀር በታወቀ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ተመሠረተ። በዚያው ወር ኢትዮጵያ ስለ ጦር ቁስለኞች የተደረገውን የጄኔቫ ቃል ኪዳን ተቀበለች፤ መስከረም 15 ቀን 1928 ዓ.ም ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ማኅበሩን በይፋ አወቀው፤ ሰባት ቀን ቆይቶ መስከረም 22 ቀን የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲሆኑ፣ ሥራውን በጸሐፊነት የሚመሩት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመት በሕክምና ያገለገሉት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበሩ። ማኅበሩ ሲመሠረት የነበረው ሀብት ምኞት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በመላው አገር በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበረ፤ የጦሩ ግንባር በሰሜን ከትግራይ፣ በደቡብ ከኦጋዴንና ከገናሌ ወንዝ ዳር የሚደርስ ሲሆን፣ መድኃኒት የሚጫነው በበቅሎ ወይም በጭቃ ውስጥ በሚሰምጥ ካሚዮን ነበር።

በዚህ ጊዜ የአዲስ አበባ ሴቶች የሠሩት ሥራ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት፣ በልዕልት ፀሐይ ትጋት የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ወይዛዝርቱንና የድኻውን ልጅ በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ ፋሻ ያስቀድድ፣ ለዘማቹ ልብስ ያሰፋ ጀመር። የመርዝ ጢስ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜም፣ ከውጭ የሚገዛ ጭምብል ስለማይገኝ፣ ከፍላኔል ጨርቅ ራስን የሚያለብስ ከረጢት እየሰፉ በዓይኑ በኩል ብርሃን የሚያስገባ ስስ ነገር ይሰኩበት ነበር። ይህ ከረጢት ለሳንባ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ኋላ የመጣው መርዝ በሳንባ ብቻ ሳይሆን በቆዳም የሚገባ ነበርና ባዶ እግሩን የሚሄደውን ወታደር ሊያድነው አልቻለም። ሴቶቹ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በመርፌያቸው የሚቻላቸውን አደረጉ።

ከውጭ አገርም የርዳታ ጓዶች መጡ፤ የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድና የግብፅ ሐኪሞች ድንኳናቸውን ይዘው ወደየግንባሩ ተሰማሩ፤ ማኅበሩም በአገር ውስጥ የሚገኙትን ሐኪሞች አሰባስቦ የራሱን ጓዶች አቋቋመ። በእነዚህ ጓዶች ውስጥ የሐኪሞቹ ስም በየጋዜጣው ሲወጣ፣ ቁጥራቸው ከሐኪሞቹ እጅግ የሚበልጠው ኢትዮጵያውያን ግን፣ ማለት ቃሬዛ ተሸካሚው፣ ቁስል አጣቢው፣ የበቅሎ ጫኙ፣ የካሚዮን ነጂውና የሐኪሙን ቃል ለታማሚው የሚተረጉመው የተማሪ ቤት ልጅ፣ ብዙዎቹ ስማቸው ሳይጻፍ ቀርቷል። አንድን ሰው በቃሬዛ በተራራ መንገድ ለማንቀሳቀስ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚደክሙትም የሚተኩ ሌሎች አራት ሰዎች ይከተላሉ፤ አይሮፕላን ሲመጣ የሚሮጠው ሁሉ ወደ ገደሉ ሲሮጥ፣ ቃሬዛ የያዘ ሰው መሮጥ አይችልም። እርሱ ያለው ምርጫ ሸክሙን ጥሎ መሸሽ ወይም ከሸክሙ ጋር መቆም ብቻ ነው። የቆሙትን ሰዎች ቁጥር የሚያውቅ መዝገብ የለንም፤ የተጻፈው ታሪክ ትልቁ ጉድለትም ይህ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብና በእሳት አጋዩ። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማይቱ ነበሩ፤ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ፤ በዚያ የነበሩት ሐኪሞች ግን ከእሳቱ ሳይርቁ የተቃጠለውንና የተቆረጠውን ሲቀበሉ ዋሉ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በደጋሐቡር አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን፣ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ሰው እንዳይጎዳ ለማምከን ሲሞክሩ ፈንድቶ ገደላቸው። የሐኪም ግዴታቸው ቁስለኛን ማዳን ሲሆን፣ እርሳቸው ቁስለኛ እንዳይኖር ለማድረግ ሞቱ።

ከሁሉ የከፋው በደቡብ ደረሰ። በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ጓድ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ተከትሎ ከዶሎ በላይ በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በምትባል ስፍራ ሰፍሮ ነበር። ዓርማው ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ ተሰቅሎ ሳለ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም አይሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ እየተመላለሱ ቦምብ ጣሉ፣ መትረየስም ተኮሱ። ከሃያ የሚበልጡ፣ አልጋቸውን ለቅቀው መነሣት የማይችሉ ኢትዮጵያውያን በሽተኞች በተኙበት ሞቱ፤ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ወጣት ስዊድናዊ ረዳት በደረሰበት ቁስል ሞተ። ከአይሮፕላኖቹ የተጣለው ወረቀት ይህ የተደረገው በኦጋዴን ለተገደለው ኢጣልያዊ የአይሮፕላን ነጂ በቀል መሆኑን ይናገር ነበር። በበቀል የሚገደለው ግን ታሞ የተኛ ሰው ሆነ። ዜናው ስዊድንን አስቆጣ፤ የገንዘብ ርዳታው ጨመረ፤ አዲስ ፈቃደኞችም ተነሡ፤ ወደዚያው ሞት ወዳለበት ሄደው ለማገልገል ማመልከቻ ያቀረቡት ሰዎች ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ሥራ ይበልጥብኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓርማው ይጠብቀናል ብለው ሄደው ነበር፤ እነዚህ ግን እንደማይጠብቃቸው አውቀው ሄዱ።

በሰሜን በኩል የእንግሊዙ ጓድ በዶክተር ጆን ሜሊ መሪነት በቆረም ሜዳ ድንኳን ተክሎ ሳለ፣ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም በቦምብ ተመታ። ከዚያ በኋላ የመርዙ ጢስ ሰለባዎች ከየአቅጣጫው ወደ ቆረም ይጎርፉ ጀመር። መርዙ ከአይሮፕላን እንደ ጠል እየወረደ በሣሩና በውሃው ላይ ያርፍ ስለ ነበረ፣ በዚያ ላይ ያለፈው ወታደር እግሩ ይላጣል፤ ዓይኑን ያሸ እጅ ዓይኑን ያሳውራል። የዓለም አቀፉ ኮሚቴ መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖ በኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በሚነዳ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ቆረም ሲደርሱ፣ በየዛፉ ሥር የወደቁት ሰዎች «አቤት፣ አቤት» እያሉ ሲጮኹ እንደ ሰሙ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ መስክረዋል። የመጡበትም አይሮፕላን ከመሬት ሳይነሣ በኢጣልያ ቦምብ ጠፋ። በአምባ አራዳም ውጊያ ጊዜ የተማረኩት ፖላንዳዊው ዶክተር ቤላው ደግሞ፣ ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀልን ዓርማ አላግባብ ተጠቀሙበት የሚል ቃል እንዲፈርሙ በሥቃይ ተገደዱ።

በዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር መጨመር ግዴታ ነው። ጄኔቫ የተቀመጠው ኮሚቴ መልእክተኞቹ ያዩትን ሁሉ እያወቀ፣ ስለ መርዙ ጢስ በአደባባይ ከመመስከር ተቆጠበ። ኢጣልያ ራስዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 በጄኔቫ የተፈረመውን መርዝ ከልካይ ውል የተቀበለች መንግሥት ነበረች። ለሁለቱም ወገን እኩል መሆን የሚገባ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን መቺውንና ተመቺውን በእኩል ዝምታ ማስተናገድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገለልተኝነት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። በቆረም ቁስል ያጠቡት ሰዎች ለጽድቁ ያደረጉትን ያህል፣ በጽሕፈት ቤቱ የተቀመጡት ለእውነቱ አላደረጉለትም።

የማይጨው ውጊያ መጋቢት 22 ቀን ከተደረገ በኋላ ሁሉ ነገር ተፈታ። ያልተመሸገች ከተማ ተብላ የታወጀችው ሐረር ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በቦምብ ስትመታ ሆስፒታሎችዋም አልተማሩም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀቁ፤ በከተማይቱም ዘረፋና ተኩስ ነገሠ። ዶክተር ሜሊ ከእንግሊዝ ሌጋሲዮን በካሚዮን እየወጡ፣ በየመንገዱ የወደቀውን ሰው ዘራፊም ተዘራፊም ሳይሉ እየጫኑ ወደ ሕክምና ሲያደርሱ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን አንድ ቁስለኛ ለማንሣት ከካሚዮኑ አጠገብ ሳሉ አንድ ዘራፊ ተኮሰባቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ማርሻል ባዶሊዮ ከተማይቱን በያዘበት ዕለት ዐረፉ። በፊተኛው የዓለም ጦርነት በጀግንነት የተሸለሙ ወታደር የነበሩት እኒህ ሰው፣ በኢትዮጵያ ምድር የሞቱት መሣሪያ ሳይዙ ነው። የገደላቸው ጠላት አለመሆኑ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የኀዘኑን ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ፈረሰ፤ ሥራው ግን በሌላ ስም ቀጠለ። በጎሬ የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ሲሰባሰብ፣ በአውሮፓ ተምረው የመጡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የቁስለኛ ርዳታውን ክፍል አደራጁ፤ ኋላም ተይዘው ከብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት ጋር ወደ ኢጣልያ ደሴት ተጋዙ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ጥይትና ምስጢር ብቻ ሳይሆን መድኃኒትና ፋሻም በስውር ይልኩ ነበር፤ ስለዚህም ተሠቃዩ፣ ታሰሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ኢጣልያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት እልቂት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከአርመኖችና ከግሪኮች መካከል ጎረቤታቸውን በጓዳ የደበቁ ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች የማናቸውም ማኅበር አባል ሳይሆኑ የ1864ቱን አምስተኛ አንቀጽ በሥራ ፈጸሙት።

ልዕልት ፀሐይ በስደት አገር በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው፣ የንጉሥ ልጅ ናቸው ተብሎ ሳይቀርላቸው የአስታማሚነትን ሥራ ከሥሩ ተማሩ። በ1933 ዓ.ም ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1934 ዓ.ም በለቀምት በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በስማቸውም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። ከነጻነት በኋላ እንደገና የተቋቋመው ቀይ መስቀል ማኅበር ሥራውን በጦርነት ጊዜ ብቻ አልወሰነም፤ አስታማሚዎችን የሚያስተምር ቤት ከፈተ፤ አምቡላንስ አሰማራ፤ ደምም ያሰባስብ ጀመር። የቀድሞዎቹ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ዘር ዛሬ በየክልሉ ያለው በጎ ፈቃደኛ ነው።

ኮንት ፎን ሮዘንም ኢትዮጵያን አልተዉአትም። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ለብዙ ዓመት አገለገሉ። ሕይወታቸው ሁሉ በምሕረት ሥራ ብቻ የታጠረ አልነበረም፤ በሌሎች አገሮች ጦርነት የውጊያ አይሮፕላን አብርረዋል፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም ድርቁ አገሪቱን በመታበት ወራት፣ ካሚዮን ወደማይደርስበት ገደል በትንሽ አይሮፕላን ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ሳይቀደድ መሬት እንዲያርፍ የማድረግን ዘዴ ሠርተው፣ ብዙ ሰው ከረኃብ ያዳኑ እርሳቸው ናቸው። የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ሳለ፣ ለተፈናቀሉት ርዳታ ለማድረስ እንደገና ወደ ምሥራቅ በረሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም፣ በኦጋዴን በጎዴ ሳሉ ጥቃት ደርሶ፣ ዶክተር ሆክማን ከሞቱባት ከደጋሐቡር በስተ ደቡብ፣ በዚያው በኦጋዴን ምድር ተገደሉ።